15 ሺህ ሩፒ

የኩዌቱን ሼክ ሙባረክ አል ሳባህን ለረጅም ጊዜ ስታዘበው ኖሬያለሁ። (ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

እኛን በ1888 ዓድዋ ያደረሰን የውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ ነው። በጣልያንኛው ቅጂ የውጭ ግንኙነታችንን በጣልያን በኩል ብቻ እንድናደርግ ያስገድድ ነበር። ሙባረክ ደግሞ ከዓድዋ 3 ዓመት በኋላ፣ ጥር 1891፣ ከእንግሊዝ ጋር በምስጢር ተፈራረመ፤ ያለ እነሱ ፈቃድ የማንንም መንግሥት ወኪል ላይቀበል፣ መሬት ላይሸጥና ላያከራይ፣ ለራሱም ለወራሾቹም። ያገኘው 15 ሺህ ሩፒ! እኛ የሞትንለትን እሱ ቸበቸበው እል ነበር።

አሁን ግን ሳስበው ቸኩዬ የፈረድኩበት ይመስለኛል። ሰውየው ሁለት ወንድሞቹን ገድሎ ሥልጣን የያዘ ነው። ኦቶማኖች ደጁ ላይ ናቸው። አገሩ አንድ ወደብና በረሃ። የምኒልክን ጦር ከየት ያምጣ?

ጠባቂም ግን ያስከፍላል። በ1915 ዑቀይር ላይ እንግሊዛዊው ሰር ፐርሲ ኮክስ ድንበር ሲያሰምር፣ ኩዌት የኔ ከምትለው መሬት ከግማሽ በላዩን ለኢብን ሳዑድ ሰጠው። መሬቱ ሄደ፣ የሙባረክ ዘር ግን እስከ ዛሬ ዙፋኑ ላይ አለ።

ከዚያ ወዲህ ስለ የትኛውም ውል ሳነብ መጀመሪያ የምጠይቀው ይሄንን ሆኗል፦ የሚጠበቀው አገሩ ነው ወይስ ፈራሚው ቤት?

እናንተስ ምን ትላላችሁ?