24 ዘፈን፣ 222,000 ዶላር

ካሴት እየተዋዋስን ስላደግን ገለልተኛ ዳኞች ነን አንልም። ዘፋኝ የላቡን ያግኝ፣ በዚህ አንከራከርም። ግን የአሜሪካ የሙዚቃ ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ2003 «ዘፈን በኢንተርኔት አከፋፈላችሁ» ብለው 261 ሰው በአንዴ ሲከሱ አንዷ የ12 ዓመት ልጅ ነበረች! እናቷ 2,000 ዶላር ከፍላ ተገላገለች።

አንዲት የሚኒሶታ እናት ግን አሻፈረኝ ብላ ተከራከረች። በ2007 ለ24 ዘፈን 222,000 ዶላር ተፈረደባት፤ ጉዳዩ በ2009 እንደገና ሲታይ 1.92 ሚሊዮን ደረሰ። ያኔ አንድ ዘፈን ኢንተርኔት ላይ በ99 ሳንቲም ይሸጥ ነበር። ሕጉ ሆን ብሎ ላጠፋ ሰው በአንድ ዘፈን እስከ 150,000 ዶላር ይፈቅዳላ! ታዲያ ይህን ሰምቶ፣ ንጹሕ ቢሆንስ፣ ማን ደፍሮ ይከራከራል? እኛ ይህን ፍርድ አንለውም፣ ማስፈራሪያ ነው።

ኩባንያዎቹ በ2008 የጅምላ ክሱን አቆምን አሉ። የሴትየዋ 222,000 ግን በ2012 በይግባኝ ጸና።