በኢታካ ኮረብታ ላይ የተቀዳ ድምፅ

በሰሜን አሜሪካ፥ በኒው ዮርክ ግዛት፥ ካዩጋ ከሚባለው ረጅም ሐይቅ በስተደቡብ ጫፍ ኢታካ የምትባል ከተማ አለች። በዙሪያዋ ፏፏቴ የሚወርድበት ጥልቅ ገደል ብዙ ነው፤ በኮረብታዋም ላይ የኮርኔል ዩኒቬርሲቲ ተሠርቷል። በግቢው ውስጥ ባርተን የተባለ በድንጋይ የታነጸ ሰፊ አዳራሽ ይገኛል። አዳራሹ በ1914 እና በ1915 (ዘመኑ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) የተሠራው ለወታደር ሰልፍ መማሪያ ነበር፤ ዛሬ ግን ስሙ በሩቅ አገር የሚነሣው ስለ አንድ ሌሊት ሙዚቃ ነው።

ይኸውም ሌሊት ሜይ 8 ቀን 1977፥ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 30 ቀን 1969 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ በአዳራሹ የተጫወቱት ግሬትፉል ዴድ የተባሉት፥ በ1965 በካሊፎርኒያ የተባበሩ ሙዚቀኞች ናቸው። እነርሱም የሕልምን ዓለም በድምፅ ለመምሰል የሚጥረውን፥ ሳይኬደሊክ ሮክ የሚባለውን ሙዚቃ ካስፋፉት ወገን ናቸው። ስማቸው «ውለታ የማይረሱ ሙታን» እንደ ማለት ሲሆን ከጥንት ተረት የመጣ ነው። በተረቱ አንድ መንገደኛ፥ ዕዳ ስላለበት ሳይቀበር የቀረ የማያውቀውን ሰው ሬሳ አግኝቶ ዕዳውን ከፍሎ ያስቀብረዋል፤ በኋላም መንገደኛው ሲቸገር የሟቹ ነፍስ መጥታ ትረዳዋለች።

ያን ሌሊት የተቀዳውን የሚሰማ ሰው፥ በሁለተኛው ክፍል «ስካርሌት ቤጎኒያስ» እና «ፋየር ኦን ዘ ማውንቴን» የተባሉት ዜማዎች ሳይቋረጡ ተያይዘው ከ25 ደቂቃ በላይ ሲፈስሱ ያገኛቸዋል። አንዱ የት እንዳለቀ፥ ሁለተኛውም የት እንደ ጀመረ ለመለየት ያስቸግራል። ጄሪ ጋርሲያ በጊታሩ አንድ ነገር እንደሚጠይቅ ሰው ቀስ ብሎ ይጀምራል፤ ባልንጀሮቹም እየተከተሉ ይመልሱለታል። ነገሩ የታረመ ጨዋታ በሚያውቁ ሰዎች መካከል እንደሚደረግ ጭውውት ነው። ሕዝቡ ከአዳራሹ ሲወጣ ወራቱ ጸደይ ሳለ በረዶ ሲወርድ አገኘ።

ይህ ሁሉ ዛሬ የሚሰማው ግን ሙዚቀኞቹ በመጫወታቸው ብቻ አይደለም። ቤቲ ካንቶር ጃክሰን የተባለች የድምፅ ባለሙያ ከመድረኩ የሚመጣውን ድምፅ በጥንቃቄ አመዛዝና በክር ላይ ስለ ቀዳችው ነው። ክሩም ከብዙ ሌሎች ጋር በመጋዘን ተቀምጦ ሳለ፥ የመጋዘኑ ኪራይ ሳይከፈል ስለ ቀረ በ1986 በሐራጅ ተሸጠ። ከዚያም ወዲያ ግልባጩ በሙዚቃ ወዳጆች ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ። በ2012 የአሜሪካ ኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት ለአገር ቅርስነት ከሚጠበቁት ድምፆች መካከል መመዝገቡን አስታወቀ፤ በ2017 ደግሞ፥ በ40ኛው ዓመት፥ ታትሞ ወጣ።

ነገሩ ከተረቱ ጋር እንዴት ይመሳሰላል! በዕዳ የተያዘውን ድምፅ የማያውቁት ሰዎች አዳኑት። ጋርሲያ በ1995 ቢሞትም ድምፁ ዛሬ በየሰዉ ቤት እየገባ በማጫወት ውለታውን ይከፍላል።

እንግዲህ የአባቱን ምክር ወይም የእናቱን እንጉርጉሮ የያዘ ክር በሣጥኑ ያለው ሰው፥ እርጥበትና አቧራ ሳያጠፋው ግልባጩን ያስቀር፤ ጠባቂ ያጣ ድምፅ ከባለቤቱ ጋር ሁለተኛ ይቀበራልና።