ከተራራው ሥር የሚሰፋ ጫማ

በሰሜን ጣሊያን ከትሬቪዞ ወደ ዶሎሚቲ ተራሮች ሲያቀኑ ሞንቴቤሉናን ያገኛሉ። በተራራ ጫማ የታወቀች ከተማ ናት፤ የጫማ ሙዚየምም አላት። ቆዳ የሚለፋባት አርዚኛኖም እዚያው ቬኔቶ ክልል ውስጥ ትገኛለች።

ብዙዎቹ ጫማዎች ሥር ያለው ጥርሳም የጎማ ሶልም የጣሊያኖች ሥራ ነው፤ መነሻው ግን ሐዘን ነው። በ1935 እ.ኤ.አ. የሚላኑ ተራራ ወጪ ቪታሌ ብራማኒ ራሲካ በተባለ የአልፕስ ጫፍ ስድስት ጓደኞቹን አጣ። ጫማቸው ለበረዶና ለብርድ የሚሆን አልነበረም። በ1937 ብራማኒ አዲሱን ሶል ይዞ ብቅ አለ፤ ቪብራም የሚለው መጠሪያ የተወሰደው ከእሱ ስም ነው።

እርስዎም የእግር ጉዞ ጫማ ሲገዙ ከቀለሙ በፊት ገልበጥ አድርገው ሥሩን ይዩ። ሲያልቅ መቀየር ይቻል እንደሆነም ይጠይቁ። ያ ጥርስ ለጌጥ አልተሠራም።