ሙሽሮች በፑኔ ከተማ

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይላል የአገራችን ሰው። እኛ ግን ሕንድን ሳናያት እንናፍቃት ነበር። ሙሽራውን በኮሌጅ ሒሳብ ያስተማሩት መምህር ከዚያ አገር የመጡ ስለ ነበሩ፣ ስለ ዝናቡና ስለ ባቡሩ ብዙ ነግረውት ነበር። ስለዚህ በ2015 ዓ.ም. መሥሪያ ቤቱ ለአንድ ዓመት ትምህርት ወደ ሕንድ እንዲሄድ በፈቀደለት ጊዜ፣ ከተጋባን ገና ሦስት ወር ስላልሞላን፣ አብረን ተነሣን።

በዚህ ጽሑፍ «እኛ» ስንል ባልና ሚስቱን ማለታችን ነው። ብዕሩን የያዘው ሙሽራው ነው፤ ሙሽራይቱም አንብባ ያረመችው ስለ ሆነ የሁለታችን ቃል ነው።

ከአዲስ አበባ እስከ ሙምባይ በአውሮፕላን አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከሙምባይ ወደ ፑኔ ደግሞ 150 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ይኬዳል። መንገዱ ከባሕር ዳር ተነሥቶ የሳህያድሪን ተራሮች ይወጣል። ወሩ ሐምሌ ነበርና ጉም ገደሉን ሸፍኖት፣ ከየዓለቱም ፏፏቴ ይወርድ ነበር። ዝናቡ እንደ እኛው ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘንብ ስለ ሆነ፣ ከአገራችን የወጣን አልመሰለንም።

ኑሮው ግን ሌላ ነበረ። የተከራየነው በአንድ ፎቅ ሦስተኛ ደርብ ላይ የሚገኝ አንድ ክፍልና ጠባብ ማድቤት ነው። ጎሕ ሳይቀድ ወተት አዳዩ በላስቲክ የታሸገውን ወተት በየበሩ አንጠልጥሎ ያልፋል። ቀጥሎ ጋዜጣው ይመጣል። ከዚያም ሴቶቹ ደጃፋቸውን ጠርገው፣ በነጭ ዱቄት የአበባና የኮከብ ሥዕል ይሥላሉ፤ ይህንንም ራንጎሊ ይሉታል። ሥዕሉ እስከ ማታ በእግር ተረግጦ ይጠፋል፤ በማግስቱ እንደ ገና ይሣላል።

ሙሽራው በየጥዋቱ ምሳውን በብረት ሣህን ይዞ ወደ ትምህርት ቤት ይሄድ ነበር። በሕንድ የቤት ምሳ የተከበረ ነገር ነው። በሙምባይ ከተማ የሠራተኞችን ምሳ ከየቤታቸው ተቀብለው እስከ መሥሪያ ቤታቸው የሚያደርሱ ሰዎች ሥራቸውን የጀመሩት በ1890 (እ.ኤ.አ.) ነው። ሙሽራውም ሣህኑን ከፍቶ ሲበላ ደስ ይለው ነበር፤ ሣህኑን ሞልታ የላከችው ግን ቀኑን እንዴት እንደምትውል አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቀም።

አንድ ማታ እንደ ልማዱ ገብቶ እራት ቢጠይቅ፣ ሙሽራይቱ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ታለቅስ ነበር። በዚያ አገር እህል የሚበስለው ክዳኑ በሚጠብቅ ድስት ነው፤ ድስቱም እንፋሎት ሲሞላው እንደ ባቡር ያፏጫል። «ዛሬ የቀኙ ጐረቤት ድስት አራት ጊዜ፣ የግራው ሦስት ጊዜ አፏጨ፤ ከጥዋት እስከ ማታ የሰማሁት ይኸው ነው» አለች። ሙሽራው የሚመልሰው ቃል አጣ።

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጐረቤት» እንደሚባለው፣ ከሦስት ቀን በኋላ በራችን ተንኳኳ። የመጡት የቀኙ ጐረቤታችን፣ የቤቱ ልጆች ሁሉ «አጂ» የሚሏቸው አሮጊት ነበሩ፤ ትርጓሜው በማራቲ ቋንቋ አያት ማለት ነው። አጂ የሙሽራይቱን አንገት ትኩር ብለው ካዩ በኋላ፣ ጥቁሩን ማተብ በጣታቸው ነክተው፣ በጥቂት እንግሊዝኛና በእጅ ምልክት «ባልሽ ወርቁን ረሳው እንዴ?» አሉ። ለካ በዚያ አገር ብዙ ያገቡ ሴቶች ማንጋልሱትራ የሚባል፣ ጥቁር ጨሌና ወርቅ ያለበት የአንገት ጌጥ ያደርጋሉ። ማተቡ የጋብቻ ሳይሆን የክርስትና ምልክት መሆኑን እስክናስረዳ ድረስ ብዙ ተሳሳቅን። ከዚያ ቀን ወዲህ ሙሽራይቱ ብቻዋን አልዋለችም።

ነሐሴ ሲገባ የፍልሰታ ጾም ሆነ። በሕንድ ሥጋ የሌለበት የታሸገ ምግብ ሁሉ አረንጓዴ ነጥብ እንዲታተምበት ሕግ ያዛል። ሙሽራይቱም ነጥቡን አይታ «የጾም አገር ነው» ብላ ደስ አላት። ዳሩ ግን በዚያ አገር ወተትና ቅቤ ከዚሁ ወገን ስለሚቈጠሩ ደስታዋ አልቈየም። አጂ ይህን በሰሙ ጊዜ ሁለት ሳምንት ሙሉ የምስሩን ወጥ ለእርሷ ለብቻው በዘይት ሠሩላት። ደግሞም ዶሳን አስተማሯት። ዶሳ ሩዝና ኡራድ የሚባል ጥራጥሬ ተዘፍዝፎ፣ ተፈጭቶ፣ አንድ ሌሊት ቦክቶ በጋለ ብረት ላይ የሚጋገር ነው። መኰምጠጡ እንጀራን ስላስታወሰን፣ በመጀመሪያው ቀን ሁለታችንም ዝም ብለን በላን።

ጾሙ ሲፈታ ሙሽራይቱ በአገራችን ወግ አጂን አጐረሰቻቸው። በብዙ የሕንድ ቤቶች ሌላው ሲበላበት የነበረ እጅ የነካው ምግብ አይበላም፤ አጂም ጥቂት አመነቱ። በኋላ ግን አፋቸውን ከፍተው ጐረሱ፤ ባላቸውም ከልባቸው ሳቁ።

እኚህ ባላቸው ጡረታ የወጡ የባቡር መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ናቸው። ዘወትር ማታ የጨርቅ ከረጢት ይዘው አትክልት ሊገዙ ይወጣሉ፤ ሲመለሱም ጋዜጣ ዘርግተው ባሚያውን ይከትፋሉ። ሙሽራው ይህን ከበራችን ሆኖ ብዙ ጊዜ አየ። እርሱ ያደገው ወንድ ልጅ ማጀት ከገባ ነውር በሚሆንበት ቤት ነው። በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለ ሣህኑን ራሱ ያጥብ ነበር፤ ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን ይህን ትምህርት ከደብተሮቹ ጋር ያስቀምጠው ነበር። አንድ ማታ ከረጢት ይዞ ሽማግሌውን ተከተለ።

የሄዱበት ገበያ ማንዳይ ይባላል። ሕንጻው በ1886 (እ.ኤ.አ.) የተከፈተ፣ ከፍ ያለ ግንብ ያለው ትልቅ ቤት ነው። ሻጮቹ ከፍ ባለ መደብ ላይ ተቀምጠው ሽንኩርቱን፣ ቲማቲሙንና ዝንጅብሉን ይመዝናሉ፤ መጨረሻ ላይም እንደ እኛው አገር ነጋዴ ጥቂት የድንብላል ቅጠልና ቃሪያ ይመርቃሉ። ገበያው የተሰየመው በማሃትማ ጆቲራኦ ፉሌ ስም ነው። ሙሽራው ማንነታቸውን ቢጠይቅ፣ ሽማግሌው «ይህን አጂ ትንገርህ» አሉት።

አጂም ነገሩን። ፉሌና ሳቪትሪባይ የተጋቡት በ1840 (እ.ኤ.አ.) በልጅነታቸው ነው። ሙሽራይቱ ፊደል አትለይም ነበር፤ ባልየው ግን እርሱ የተማረውን በቤቱ አስተማራት። በ1848 ሁለቱ በፑኔ የሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት ከፈቱ። ሳቪትሪባይ ልታስተምር ስትሄድ ሰዎች ጭቃና እበት ይወረውሩባት ስለ ነበር፣ የምትለውጠው ሁለተኛ ሳሪ ይዛ ትወጣ ነበር። በ1897 የወረርሽኝ በሽተኞችን ስታስታምም በበሽታው ሞተች። የፑኔ ዩኒቨርሲቲም ከ2014 ጀምሮ በስሟ ይጠራል።

በዚያች ሌሊት ብዙ አልተኛንም። ሙሽራይቱ እናቷ በታመሙ ጊዜ ትምህርቷን ከ11ኛ ክፍል አቋርጣ ነበር። በሠርጋችን ሰሞን ሽማግሌዎች ስለ ጥሎሹና ስለ ድግሱ ሲማከሩ፣ ይህን ያነሣ አንድ ሰው አልነበረም፤ ሙሽራውም አላነሣውም። «ለአንድ ዓመት ትምህርት ባሕር ተሻግረህ መጣህ፤ የእኔ ትምህርት ግን በር ላይ ቀረ» አለችው። ይህ ቃል ከለቅሶዋ ይልቅ ከበደው።

ከማግስቱ ጀምሮ ሥራችንን ተካፈልን። ሙሽራው ገበያ ይሄዳል፣ ሽንኩርት ይከትፋል፤ እርሷ ታበስላለች። እራት ከተበላ በኋላ ሁለታችንም በአንድ ጠረጴዛ ላይ ደብተራችንን እንከፍታለን። አንዳንድ ማታ ደክሞን ተቈጣን፣ አንዳንድ ማታም ሒሳቡን እርሷ ቀድማ ሠራችው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ነውና፣ ዓመቱ ሲያልቅ የ11ኛ ክፍል መጻሕፍትን ጨርሰን ነበር።

በሰኔ ወር 2016 ዓ.ም. ስንመለስ አጂ በደጃፋችን ላይ ራንጎሊ ሣሉልን። እኛም እንዳንረግጠው በጠርዙ አልፈን ወጣን።

አገራችን ከገባን በኋላ የሙሽራው እናት ልጃቸው ሽንኩርት ሲከትፍ አገኙት። «ልጄን ለትምህርት ሰድጄ የማጀት ሠራተኛ ሆኖ መጣልኝ!» ብለው ተቈጥተው ወጡ። ሁለት ሳምንትም ቤታችንን አልረገጡም። በሦስተኛው ሳምንት፣ ምራታቸው የማታ ትምህርት ቤት ሄዳ ሳለ መጡ፤ ሙሽራው እራት ሲሠራ ጥቂት ዝም ብለው አዩትና፣ «ጨው አበዛህ» አሉት። ከዚያም ነጠላቸውን አስቀምጠው፣ ማማሰያውን ከእጁ ተቀበሉት።