ወዳጃና መነጽር

ቨርቹዋል ሪያሊቲ ለፍርሃትና ለጭንቀት ሕክምና ሲውል ሥራው ታማሚውን ከተቀመጠበት ሳያነሱ የሚፈራበት ቦታ ማድረስ ነው። ዓይኑን ግጥም አድርጎ የሚሸፍን መነጽርና የጆሮ ማዳመጫ ይደረግለታል፤ አንገቱን ባዞረ ቁጥር ምስሉም አብሮ ይዞራል። ገደል አፋፍ የቆመው ሰው ልቡ ይደልቃል፣ መዳፉ ያልበዋል፤ እግሩ ግን ክሊኒኩ ወለል ላይ ነው። የሚሸሹት ፍርሃት ይጠናል፤ ደጋግመው አጠገቡ የቆዩት ግን ይለዝባል። ሕክምናው የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ሐሳቡ ከመሣሪያው ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1924 ሜሪ ከቨር ጆንስ የተባለች አሜሪካዊት ጥንቸል የሚፈራ ፒተር የሚባል ሕፃን እንዴት እንደዳነ ጻፈች፤ እሱ የሚወደውን ምግብ ሲበላ ጥንቸሏን ከሩቅ ጀምራ ቀስ በቀስ ታስጠጋለት ነበር። በ1950ዎቹ ደቡብ አፍሪካዊው ጆሴፍ ዎልፒ ጥንቸሏን በምናብ ተካት። ታማሚው ሰውነቱን ዘና አድርጎ የሚፈራውን ነገር ከቀላሉ ወደ ከባዱ በሐሳቡ ይስላል። ሐሳብ ግን አይታዘዝም፤ ገደል አስብ ሲሉት እራቱን የሚያስብ ሞልቷል። መነጽሩ ያስፈለገው ለዚህ ዓይነቱ ሰው ነው ማለት ይቻላል።

መሣሪያው ራሱ ከሐኪም ቤት አልተወለደም። የፊልም ሰው የነበረው ሞርተን ሃይሊግ በ1962 የፈጠራ መብት ያገኘበት ሴንሶራማ ተመልካቹን ቁጭ አድርጎ በብሩክሊን ጎዳናዎች በሞተር ሳይክል ያንሸራሽር ነበር፤ ወንበሩ ይንቀጠቀጣል፣ ነፋስ ይነፍሳል፣ ሽታም ይለቀቃል። የሚደጉመው ጠፍቶ ቀረ። በ1968 ኢቫን ሰዘርላንድ የሠራው በራስ የሚጠለቅ መሣሪያ ደግሞ ከክብደቱ የተነሳ ከጣሪያ ላይ ነበር የሚንጠለጠለው። ሕክምናው ዘንድ የደረሰው በ1995 ነው፤ አትላንታ ውስጥ የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ባርባራ ሮትባምና የኮምፒውተር ምሁሩ ላሪ ሆጅስ ከፍታ የሚፈሩ ተማሪዎችን ግድግዳው መስታወት በሆነ የምናብ ሊፍት እስከ 49ኛ ፎቅ አወጧቸው። ሕክምናውን ከጨረሱት 10 ተማሪዎች 7ቱ ማንም ሳያዛቸው በገዛ ፈቃዳቸው እውነተኛ ከፍታ ላይ ወጡ። ቀጥሎ ለቬትናም ዘማቾች ሄሊኮፕተርና ጫካ፣ ለኢራቅ ዘማቾች የበረሃ መንገድ ተሠራ። በኢራቁ ላይ ሽታ የሚረጭ ማሽን ተጨመረ፤ የሚቃጠል ጎማ፣ ናፍጣ፣ ባሩድ፣ ቅመማ ቅመም።

የሽታው ነገር ወሎዬን ፈገግ ማሰኘቱ አይቀርም። በከሚሴ፣ በጨፋ፣ በባቲና በአጠቃላይ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የታመመና የተጨነቀ ሰው ያለበት ቤት ወዳጃ፣ ማለትም የጋራ ዱዓ፣ ይጠራል። ሳር ይጎዘጎዛል፣ ጫቱ ይመረቅበታል፣ ገሉ ላይ እጣን ይጨሳል፣ ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ይወርዳል። ድቤው ሲመታና መንዙማው ሲነሳ፣ መሪው ዱዓ ሲያደርግና ቤቱ በአንድ ድምፅ «አሚን» ሲል ያቺ ጠባብ ክፍል ሌላ ቦታ ትሆናለች። ጆሮ፣ ዓይን፣ አፍንጫና ምላስ አንድ ላይ ተይዘዋል፤ ሃይሊግ የተመኘው ሁሉ አለ፣ መብራት ብትጠፋም ሥራው አይቋረጥም።

መመሳሰሉ ግን እዚህ ላይ ያበቃል። መነጽሩ ሰውን ለብቻው ወደ ፍርሃቱ ያስጠጋዋል፤ ወዳጃ በሰው መሀል አስቀምጦ ሸክሙን ያካፍልለታል። የወዳጃው ጫትም ከመጠን ሲያልፍ እንቅልፍ ያሳጣል፣ ከእውነታ የመለየት ሕመም ላለበት ሰው ሕመሙን ያባብስበታል፤ መነጽሩ ደግሞ ራስ ሊያዞር ይችላል።

መነጽሩ ውስጥ ያለው ዓለም ደግሞ የሠሪው አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ የታተመው የእንግሊዙ ጌምቼንጅ ከቤት መውጣት የሚከብዳቸውን 346 የከባድ አእምሮ ሕመም ታካሚዎች ያሳተፈ ሙከራ ነበር፤ በጣም የጠቀመውም ክፉኛ የሚሸሹትን ነው። ከሚለማመዱባቸው ቦታዎች መካከል አውቶቡስ፣ ካፌ፣ ሱቅና መጠጥ ቤት ይገኙበታል። የከሚሴ ሙስሊም መጠጥ ቤት መግባት ቢፈራ ጨዋነት እንጂ ሕመም አይባልም። ለከሚሴ የሚሠራው ዓለም የአዲስ አበባ–ደሴ አስፋልት፣ መናኸሪያና የገበያ ግርግር ያስፈልገዋል፤ ኦሮምኛም አማርኛም ይናገራል። የሰሜኑ ጦርነት በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ከተማዋ ደርሶ እስከ ኅዳር መገባደጃ ስለቆየ የከባድ መሣሪያ ድምፅም ሊገባበት ይችላል፤ እሱን ግን ያልሠለጠነ ሰው ባይነካው ይሻላል።

አንድ የሚቀር ነገር አለ። ባለሙያው በየመሀሉ ፍርሃትህ ከ100 ስንት ደረሰ እያለ ይጠይቃል፤ መለኪያው ከዎልፒ የተወረሰ ነው፣ ወደ ቀጣዩ ደረጃ የሚታለፈውም ቁጥሩ ሲወርድ ነው። ከሚሴ ላይ ደግሞ ለ«እንዴት ነህ?» የሚሰጠው መልስ፣ ደህና የሆነውም ያልሆነውም፣ «አልሐምዱሊላህ» ነው።