ከጢስ ዓባይ እስከ ዘጌ ካሜራ ይዞ ለሚሄድ

አንባቢ ሆይ፤ የዓመት ፈቃድዎን ወስደው፣ ከወዳጅ የተዋሱትን ወይም ከደመወዝዎ ቀስ በቀስ ቆጥበው የገዙትን ካሜራ በአንገትዎ አንጠልጥለው ወደ ባሕር ዳር የወረዱ እንደ ሆነ፣ ጢስ ዓባይንና የዘጌን አብያተ ክርስቲያናት ሳያነሡ እንዳይመለሱ እለምንዎታለሁ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በዚያ አገር ግጭት ስለ ተነሣ ግን የመንገዱን ደኅንነት አስቀድመው ይጠይቁ።

ፏፏቴው ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ተሻግረው ጥቂት ሽቅብ ሲወጡ፣ ዓባይ ከ40 ሜትር በላይ ከሆነ ገደል ሲወረወር ያዩታል። ይህን የምለው በመስከረም ወይም በጥቅምት ለሚሄድ ሰው ነው። በበጋ የሄዱ እንደ ሆነ፣ አብዛኛው ውሃ ለኤሌክትሪክ ኃይል ስለሚጠለፍ፣ ቀጭን ጅረት አይተው «ጢሱ ወዴት አለ?» ብለው መጠየቅዎ አይቀርም።

እዚህ ቆመው በካሜራዎ አናት ላይ ያለችውን መዘውር ይመልከቱ። በእርስዋ ላይ ከተጻፉት ፊደሎች ሁለቱ ሥራውን ለእርስዎና ለካሜራው የሚያካፍሉ ናቸው። በኒኮን «ኤስ»፣ በካነን «ቲ ቪ» የተባለው የጊዜ ምርጫ ነው፤ ይኸውም መዝጊያው ምን ያህል ጊዜ ተከፍቶ እንዲቆይ እርስዎ ያዛሉ፣ ካሜራውም የብርሃኑን ቀዳዳ በዚያው ልክ ያሰፋል ወይም ያጠባል። በኒኮን «ኤ»፣ በካነን «ኤ ቪ» የተባለው ደግሞ የቀዳዳ ምርጫ ነው፤ ቀዳዳውን እርስዎ ይወስናሉ፣ ጊዜውን ካሜራው ይፈልጋል። የቀዳዳው ቁጥር ጀማሪን ያሳስታል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ስለዚህ 4 ከ16 ይልቅ ሰፊ ነው።

ዛሬ ሁለቱም ባንድ ካሜራ ላይ ስለሚገኙ ነገሩ ቀላል ይመስለናል። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1976 የወጣው የካነን ኤ ኢ 1 የነበረው የጊዜ ምርጫ ብቻ ነው፤ ሌሎች ፋብሪካዎች ደግሞ የቀዳዳውን ብቻ ይሠሩ ነበር። ሚኖልታ በ1977 ኤክስ ዲ 7 በተባለው ካሜራ ሁለቱን እስኪያዋሕድ ድረስ ገዢው ምርጫውን የሚጨርሰው በሱቁ ውስጥ ነበር ማለት ነው።

ለፏፏቴው የጊዜ ምርጫ ይሻላል። የሴኮንድ 1/1000 ቢያዙ ውሃው ጠብታ በጠብታ ሆኖ በአየር ላይ ይቆማል። ግማሽ ሴኮንድ ቢያዙና ካሜራውን በባለ ሦስት እግሩ ማስቀመጫ ላይ ቢያቆሙ ግን እንደ ተዘረጋ ነጠላ ሆኖ ይወርዳል። እኔ የፊተኛውን እመርጣለሁ፤ ያ ውሃ ሲጮኽ የሰማ ሰው ለስላሳ ሆኖ ሲያየው አይዋጥለትም። ሁለተኛውን የሚወዱ ከሆነ ገና ሳይነጋጋ ይድረሱ። በቀትር ፀሐይ ግማሽ ሴኮንድ ያዘዙት ካሜራ ቀዳዳውን እስከ 22 ቢያጠብም ብርሃኑ ይበዛበታል። ያን ጊዜ ቁጥሩን ብልጭ ድርግም እያደረገ «አልቻልሁም» ይላል፤ ቁልፉን ከተጫኑት ግን ከማንሣት አይመለስም፣ ነጭ ወረቀት የሚመስል ነገር ያስረክብዎታል።

ይህ ብልጭ ድርግም የሚል ቁጥር ከምንም በላይ ልብ ሊሉት የሚገባ ነው። ልብ ያላለው ሰው እኔ ነኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጧት ፏፏቴውን አንሥቼ ከሰዓት በኋላ በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገርሁ። በቡናው ጫካ ውስጥ ሽቅብ ወጥቼ የእናቴ አጎት የሆኑትን ሽማግሌ መሪጌታ አገኘኋቸው። ፎቶግራፍ መነሣት ከቶ አይወዱም ነበር። እናቴ እግሯን ታማ መምጣት እንዳልቻለች ስነግራቸው ግን ጥቂት ዝም አሉና ጥምጥማቸውን አስተካክለው ከደጀ ሰላሙ ጥላ ሥር ተቀመጡ። «በል እንግዲህ ልጄ፣ እንድታየኝ አንሣኝ» አሉኝ።

ሦስት ጊዜ አነሣኋቸው። መዘውሩ ጧት ለፏፏቴው እንዳደረግሁት በጊዜ ምርጫ ላይ፣ ጊዜውም በ1/1000 ላይ እንዳለ ነበር። ሌንሴ ከ3.5 በላይ አይሰፋም። ቁጥሩ ብልጭ ድርግም ሳይል አልቀረም፤ ዓይኔ ከፊታቸው ላይ ስለ ነበረ አላየሁትም። ማታ በሆቴል ስመለከተው ሦስቱም ጨለማ ሆነዋል፤ ከጥምጥማቸው ነጭነት በቀር የሚለይ ነገር የለም። በማግስቱ እንዳልመለስ ፈቃዴ አልቆ ነበር። በሚቀጥለው ክረምት መሪጌታ ዐረፉ። እናቴ ከሦስቱ አንዱን አሳትሜ እንድሰጣት ጠየቀችኝ፤ ሰጠኋት።

ስለዚህ ለቀዳዳ ምርጫ አድልተሃል ቢሉኝ አልከራከርም። በዚያ ጥላ ሥር ቀዳዳውን 4 አድርጌ ቢሆን ኖሮ ካሜራው የሚበቃውን ጊዜ ራሱ ይፈልግ ነበር። ምናልባት እጄ ተንቀጥቅጦ ሥዕሉ ጥቂት ይደበዝዝ ይሆናል፤ ፊታቸው ግን ይታይ ነበር። ካሜራዎ አይ ኤስ ኦ የተባለውን የብርሃን ስሜት በራሱ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ከሆነ ይፍቀዱለት፤ እኔ ፎቶግራፉ እንዳይሻክር ብዬ 100 ላይ ቆልፌው ነበር።

ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሲገቡ በመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያ ያሉትን ሥዕሎች ለማንሣት አስቀድመው ያስፈቅዱ፤ የብልጭታውንም መብራት ያጥፉ። ቀዳዳውን ሌንሱ እስከሚፈቅደው ያስፉ፣ አይ ኤስ ኦውን ወደ 1600 ወይም 3200 ያውጡ፣ ከዚያም ካሜራው የመረጠውን ጊዜ ያንብቡ። ከ1/60 የዘገየ ከሆነ ትከሻዎን ከዓምድ አስደግፈው ትንፋሽዎን ይያዙ።

ሲመለሱ በደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ካጋጠመዎ ከመቅዘፊያው የሚንጠባጠበውን ውሃ ለመያዝ የጊዜ ምርጫውን ወደ 1/500 ማዞር ይችላሉ። ጀልባው ወደቡን ሳይነካ ግን መዘውሩን መልሰው በቀዳዳው ላይ ያድርጉት፤ በወደቡ ላይ ማን ቆሞ እንደሚጠብቅዎ አይታወቅም።