ኢዮብ በከሚሴ መንገድ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና የጣርማ በርን ብርድ ትቶ ወደ ቆላው ይወርዳል። ሸዋ ሮቢትን፣ አጣዬንና ካራ ቆሬን አልፎ ከሚሴን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ይሄዳል። እኔ ያደግሁት በዚህ መንገድ ዳር ነው። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር የቤታችን ቆርቆሮ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እኛ ልጆቹ ለምደነዋል። አያቴ ግን በኖረችበት ዘመን ሁሉ አልለመደችውም። የጫነ መኪና ድምፅ ስትሰማ የያዘችውን ሲኒ ታስቀምጥና እስኪያልፍ ድረስ ዝም ትላለች።

ምክንያቱን የነገረችኝ ካደግሁ በኋላ ነው። በ1965 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ የሁለት ልጆች እናት ነበረች። ያን ጊዜ የተራበ ሰው ወደ አውራ ጎዳናው እየወጣ፣ መኪናና አውቶቡስ እያስቆመ ይለምን ነበር። አያቴም ወጣች። ታናሹን ልጇን ከመንገዱ ዳር ቀበረችው። «አፈሩን ከእጄ ሳላራግፍ» ትለኝ ነበር፣ «እህል የጫነ መኪና ወደ አዲስ አበባ አለፈ።» ይህን ስትናገር በድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ስትጨርስ ታማትብና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

እኔ በልቤ አላመንኋትም። ሰው ከሚራብበት አገር እህል እንዴት ይወጣል? የኀዘን ብዛት ትዝታዋን ያዛባው መስሎኝ ነበር። ኋላ በተማሪነቴ፣ የኢኮኖሚ ሊቁ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ድህነትና ረሃብ ያሳተመው መጽሐፍ እጄ ገባ። ከምዕራፎቹ በአንዱ የእኛ ረሃብ አለ። የወሎ ማሳ ቢደርቅም የአገሪቱ ጠቅላላ ምርት በዚያ ዓመት ያን ያህል አላሽቆለቆለም፤ በደሴ ገበያ እንኳ የእህል ዋጋ ብዙ አልናረም። ምርቱን ያጣውና ከብቱ ያለቀበት ባላገር ግን መግዣ አልነበረውም። ገዢ ወደሌለበት እህል አይመጣም፤ እንዲያውም ከወሎ እየተጫነ ይወጣ ነበር። መጽሐፉን ዘግቼ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥሁ። አያቴ እውነቷን ነበር።

በ1977 ዓ.ም. ነገሩ ተደገመ። መስከረም ላይ የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት በአዲስ አበባ በታላቅ ድግስ ተከበረ፤ በዚያው ዓመት፣ በሰኞ ገበያዋ በምትታወቀው በባቲ፣ በሺህ የሚቆጠር የተራበ ሕዝብ በመጠለያ ውስጥ ተኮልኩሎ ሞቱን ወይም እርዳታውን ይጠብቅ ነበር።

የክርስትናን ከባድ ጥያቄ የተማርሁት እንግዲህ ከእነዚህ ሁለት ረሃቦች ነው። እግዚአብሔር ቸርም ሁሉን ቻይም ከሆነ ይህ ለምን ይሆናል? ሊቃውንቱ ክፋትን ለሁለት ይከፍሉታል፤ ተፈጥሮ የሚያመጣው አለ፣ ሰው በፈቃዱ የሚሠራው አለ። እ.ኤ.አ. በ1755 የሊዝበንን ከተማ በበዓል ቀን የምድር መንቀጥቀጥ ሲያፈርሳት የአውሮፓ አሳቢዎች የተሟገቱት ስለ ፊተኛው ነበር። እኔ በኋለኛው ተጽናናሁ። ዝናቡን ማን እንደ ከለከለ ባላውቅም እህሉን የጫነው ሰው ነው፤ ነፃ ፈቃድ የተሰጠው ሰው። ስለዚህ ጥያቄው ወደ ሰማይ ከመውጣቱ በፊት በቃየን ደጅ ማለፍ አለበት እያልሁ ለብዙ ዓመታት ተከራከርሁ። ዛሬም ቢሆን ውሸት ነው አልልም።

በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ግን መልሴ አልበቃኝም። በዚያ ወር በአጣዬና በአካባቢዋ፣ በእኛም ልዩ ዞን፣ ግጭት ተነሣ፤ ሰው ሞተ፣ ቤት ተቃጠለ፤ በሚያዝያም ተደገመ። ታናሽ ወንድሜ በመጀመሪያው ሰሞን ሞተ። ማን እንደ ተኮሰ እስከ ዛሬ አናውቅም። በሰልስቱ ቀን አንድ ሰባኪ ከድንኳኑ መካከል ተነሥተው መቅሠፍቱ ስለ ኃጢአታችን የመጣ መሆኑን፣ በውስጡም የተሰወረ በጎ ነገር እንዳለ አስረዱ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሊያጽናኑን ፈልገው ነው። እኔ ግን ወንድሜ ለማን ትምህርት ሲባል እንደ ሞተ ልጠይቃቸው ከመቀመጫዬ ስነሣ አያቴ እጄን ያዘች።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን ሐጂ መጡ። በዚያው ሰሞን፣ በዚያው ግጭት፣ የእኅታቸውን ልጅ ቀብረዋል። የእርሳቸው ሟችና የእኛ ሟች በሰው አፍ የሁለት ወገን ሟቾች ነበሩ። ድንኳኑ ጸጥ አለ። ወንበር ቢያቀርቡላቸው እንቢ ብለው ከአያቴ ፊት ለፊት ሰሌኑ ላይ ተቀመጡ። «አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ» አሉ፤ ከዚያ በኋላ ቃል ሳይናገሩ እስከ መግሪብ ቆዩ። ሲነሡ አያቴም ተነሣች። ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ተከትላቸው ወጣች፤ ወደ እርሳቸው ለቅሶ ሄደች።

በዚያ ሌሊት መጽሐፈ ኢዮብን ከፈትሁ፤ የሐጂ ቤተሰቦች ነቢዩ አዩብ እያሉ ስለ ትዕግሥቱ የሚያከብሩትን ሰው። ወትሮ የማነበው ክርክሩን ነበር። ያን ሌሊት ግን ከክርክሩ በፊት ያለው አስቆመኝ። ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር ወዳጃቸውን በሩቅ ባዩት ጊዜ አለቀሱ፤ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊትም አንድ ቃል ሳይናገሩ ከእርሱ ጋር መሬት ላይ ተቀመጡ። የተሳሳቱት ማስረዳት ሲጀምሩ ነው። በመጨረሻም የእግዚአብሔር ቁጣ የነደደው በጮኸው በኢዮብ ላይ ሳይሆን፣ ስለ እግዚአብሔር ጠበቃ ሆነው በቆሙት በእነርሱ ላይ ነው። ኢዮብም ቢሆን መከራው በምን ምክንያት እንደ መጣ እስከ መጨረሻው አልተነገረውም።

በዚያው ዓመት የስቅለት ዕለት፣ ሚያዝያ 22 ቀን፣ ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ፤ ከወንድሜ ሞት በኋላ የመጀመሪያዬ ነበር። ስሰግድ አንድ ነገር ወደ ልቤ መጣ። ያ የእኔ «ለምን» በመስቀል ላይም ተጠይቋል፤ የጠየቀውም ራሱ ጌታ ነው፤ በዚያች ሰዓት ከሰማይ የመለሰለት ድምፅ አልተሰማም። ይህ ጥያቄዬን አልፈታልኝም። ጥያቄዬን ይዤ እዚያ መቆም እንደምችል ብቻ አሳየኝ።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በዚሁ መንገድ ወርዶ ከሚሴ ሲገባ አያቴና የሐጂ ቤተሰቦች በአንድ ጓዳ ተሸሸጉ። አያቴ አሁን የለችም። በለቅሶዋ ሐጂ ያንኑ ሰሌን ይዘው ነበር።

ዛሬ የጫነ መኪና ሲያልፍ እኔም ሲኒዬን አስቀምጣለሁ። ልጆቼ ለምን እንደ ሆነ ይጠይቁኛል። ስለ መንገዱ፣ ስለ እህሉና ስለ ሰሌኑ እነግራቸዋለሁ፤ ስለ ቀረው ግን ከእነርሱ ጋር ዝም ብዬ እቀመጣለሁ።